እስክትወድቅ ድረስ

ሙርሳል የአባቷን የኻሚስን ግቢ በረገጠበት ዕለት ኢንዓም መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ እግሩን ነበር። የትኛው ቢሰበር ይሻላል ብላ ነው ያየችው።

ይህን የምታስብ ልጅ ክፉ ናት የሚል ካለ ትንሽ ይታገሥ። በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ወንድሟ ረጀብ ከቤት ውስጥ የቀርከሃ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ቅልጥሙ በወጌሻ ታስሮ፣ ሲያቃስት ይሰማታል። ያን ቅልጥም ሰበርኩ ብሎ በሽማግሌ ፊት ያመነው ሰው ደግሞ መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «አሰላሙ ዐለይኩም» እያለ ይገባል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የተወጋው ሰው እህትማ ጭራሽ አትረሳም።

ነገሩን ያመጣው ኳስ ነው። አገሩ ለመሃል አገር መንግሥት ከገበረ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፣ አንድ ኸዋጃ የሚሉት ፈረንጅ ወርቅ ፍለጋ መጥቶ ከአሶሳ ኮረብታዎች ሥር ድንኳን ተከለ። አገሬ ካናዳ ይባላል አለ። በአገሬ ክረምት ሲገባ ወንዙ እንደ አሞሌ ጨው ይጠጥርና ሰው ጋሪ እየነዳ ይሻገርበታል አለ። ይህን ያመነው ሰው አልነበረም፤ ወርቅ ፈላጊ ሁሉ ትንሽ ይዋሻል ተብሎ ታለፈ። ከሣጥኑ ያወጣውን የቆዳ ኳስ ግን አገር ሁሉ አመነበት።

ኸዋጃው በአገሩ ሳለ ጠዋት ማዕድን ሲቆፍር፣ ከሰዓት ለከተማው ቡድን ኳስ ሲጫወት፣ ከሁለቱም እንጀራ ሲበላ የኖረ ሰው ነበር። ያንኑ ሥርዓት እዚህም አቆመው። ከጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ፈጣን ፈጣኖቹን መረጠና ቀይ ሸሚዝ አለበሳቸው፤ ጠዋት ይቆፍራሉ፣ ከሰዓት ይጫወታሉ፣ በግጥሚያ ቀን አሞሌ ይከፈላቸዋል። ስማቸው የጉድጓድ ልጆች ተባለ። ማሽላ ተሰብስቦ የመጀመሪያው ዝናብ እስኪጥል ድረስ ባለው ጊዜ በዙሪያው ያሉ አራት መንደሮችም የየራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ይገጥሟቸው ጀመር። ከጉድጓድ ልጆች ሁሉ እንደ ረጀብ ያለ አልነበረም። ኳሷ እግሩ ሥር ስትገባ ቤቷ የገባች ይመስላት ነበር።

የዚያ ዓመት የመጀመሪያው ግጥሚያ ከወንዙ ማዶ ከሚኖሩት፣ ማዶኞች ከሚባሉት ጋር ነበር። ከማዶኞቹ መሃል ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ አልአሚን ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሲሳቅበት የማይወድ። ታናሹ ሙርሳል ነው።

ሙርሳልን ኢንዓም ከዚያ በፊት ታውቀው ነበር፤ አንጀቷን ያሳረራትም ይኼ ነው። ከሳምንት በፊት ወንዝ ዳር ወርቅ ስታጥብ ገበቴዋን ወንዙ ነጥቋት ሄደ። ታች ሆኖ ኮርማ ሲያጠጣ የነበረ አንድ ጎረምሳ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያዘላት። አጥቦ፣ አጥርቶ፣ በሁለት እጁ ይዞ መለሰላትና «ወርቁ ግን ሄዷል፤ ለዓሣ ዘካ አድርጊው» አላት። ሳቀች። ስሙን ሳትጠይቀው ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ስትስቅ ሰነበተች። ከዚያ ግጥሚያው መጣ።

ረጀብ አልአሚንን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አለፈው። ከዚያ ኳሷን በሁለት እግሮቹ መሃል አሾለከበትና ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ በኋላ አቧራ ነበር። ኢንዓም በአቧራው ውስጥ አንድ ተረከዝ ከኋላ ሲጠርግ አየች፤ የግራ ተረከዝ። ቀጥሎ እንደ ደረቅ ቀርከሃ ያለ ድምፅ ተሰማ። አቧራው ሲቀመጥ ሦስት ሰዎች ተዘርረዋል፦ ረጀብ፣ አልአሚን፣ ሙርሳል።

«የማን እግር ነው?» አሉ ጨዋታውን የሚዳኙት ሽማግሌ።

አልአሚን መሬት መሬት አየ።

«የእኔ ነው» አለ ሙርሳል።

ኢንዓም ያን ዕለት ማታ ያሳደጓት አክስቷ ማሪያም ፊት ተቀምጣ ሹሩባዋን አንድ በአንድ ፈታችው። ማሪያም ምን ነካሽ ቢሏት፣ ያ ሰው ሲወድቅ በዓይኔ ሳላይ ፀጉሬን አልሠራም ብላ ማለች። ማሪያም መሐላውን መልሺ ብለው ለመኗት። በዚያ አገር ያልተሠራ ፀጉር የሐዘን ወይም የበቀል ነው፤ ያገባም የፈታም አይቶ ይጠይቃል። ኢንዓም አልመለሰችም።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ በአገሩ ወግ ፈረዱ። ወጉ አጭር ነው፤ የሰበረ ይሠራል። የተሰበረው ሰው መቆፈሪያ እስኪያነሳ ድረስ ሰባሪው ከቤቱ እየመጣ የዚያን ሰው ሥራ ሁሉ ይሠራል፤ ማሳ ከሆነ ማሳ፣ ጉድጓድ ከሆነ ጉድጓድ። እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ኳስስ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ? ግማሹ ጨዋታ ነው አለ። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ጢማቸውን ይዘው አሰቡና ጨው የሚከፈልበት ነገር ሁሉ ሥራ ነው ብለው ቆረጡት። በዚህ ሁኔታ ሙርሳል ከወንዝ ማዶ መጥቶ የረጀብን ጉድጓድ ቆፈረ፣ የረጀብን ማሳ አየ፣ የረጀብንም ቀይ ሸሚዝ ለበሰ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ኢንዓም ጸሎቱን ተወችውና ቂሙን ያዘች። መጀመሪያ እጀታው የተሰነጠቀ መጥረቢያ ሰጠችው፤ በነጋታው አዲስ እጀታ ገጥሞለት መለሰላት። እሾህ ያለበትን እንጨት እንዲለቅም ሰደደችው፤ እሾሁን መልምሎ አጥሩን አጠረበት። ከዚያ በባሚያ ወጡ ላይ የቤቱን በርበሬ ሁሉ ገለበጠችበት። ሙርሳል ከገንፎው ቆርሶ፣ አጥቅሶ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ግንባሩ ላብ አወጣ። ሳህኑን ጠርጎ ጨረሰና «አልሐምዱ ሊላህ» ብሎ ተነሣ። ማሪያምን ደግሞ መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ያን የመሰለ ወጥ የሠራችውን እጅ አላህ ይጠብቃት አላቸው።

ኢንዓም ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሰው እንዴት ይበቀሉታል፣ ምስጋና እያቀረበ?

የኳሱ ወቅት ቀጠለ። የጉድጓድ ልጆች አንዱን መንደር አሸነፉ፣ ከሌላው እኩል ወጡ፣ ከሦስተኛው ሊሸነፉ ሲሉ ሙርሳል በመጨረሻ አዳናቸው። ቀይ ሸሚዙ በሜዳው ላይ በሮጠ ቁጥር ሕዝቡ ይጮኻል። ረጀብ ከግቢው ደጅ፣ ሜዳውን ቁልቁል በሚያየው ሾላ ሥር እግሩን ዘርግቶ፣ የቀርከሃ ምርኩዙን ደረቱ ላይ አድርጎ ያያል። ለሸሚዙ ደስ ይለዋል፤ ሸሚዙን ለለበሰው ሰው ግን ከንፈሩን ይነክሳል። ሁለቱን ነገር ባንድ ሆድ መያዝ ከባድ ነው።

በዚህ መሃል መንደሩ ማውራት ጀመረ። ጥፋቱ የመንደሩ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ጎረምሳ ልጅ የወደደ እንደሆነ በአባቷ ቤት ገብቶ ይሠራል፣ ልጅቱም ውኃ በቅል ታቀብለዋለች። ሳትቀምስ ከሰጠችው ገና እያሰበችበት ነው። ቀምሳ ከሰጠችው ወዳዋለች ማለት ነው፤ ሽማግሌ ይላካል። ሰው በተሰበሰበበት ቅሉን እግሩ ሥር ከደፋችው ግን አለቀለት፤ በዙሪያው ባሉ መንደሮች ሁሉ ሴት አያገኝም፣ ያለው ምርጫ አገር ጥሎ ወደ ሱዳን ገበያዎች መሄድ ነው። እንግዲህ ካሳ የሚሠራና ሚስት የሚፈልግ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ያልባቸዋል። ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ኢንዓምን የኻሚስ ልጅ ሠራተኛ አገኘች እያሉ ያሾፉባት ጀመር።

ኢንዓም እንደ እብድ ሆና ቤት ገብታ ለረጀብ ነገረችው። ረጀብ ግን አልተቆጣም። የጣራውን ሣር ሲያይ ቆየ።

«ውኃ ስጪው» አላት።

«ምን?»

«ሰው ሁሉ እያየ ስጪው። ሳትቀምሺ። ይጠብቅ፣ ልቡ ይሰቀል። በመጨረሻው ግጥሚያ ቀን አምስቱም መንደር ሲሰበሰብ ቅሉን ድፊበት።» ምርኩዙን ጨበጠ። «እኔ እግሬን ነው ያጣሁት። እሱ አገሩን ይጣ።»

ኢንዓም ተስማማች። እንዲያውም ቶሎ ነው የተስማማችው፤ በኋላ እያሰበች የፈራችውም ያን መቻኮሏን ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ቀትር ላይ ቅል ይዛ ትወጣለች፣ ሳትቀምስ ትሰጠዋለች፣ እሱም አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቀበላል። ጠጥቶ ሲመልስላት ጣቱ ጣቷን እንዳይነካ ይጠነቀቃል። ጥንቃቄው አናደዳት። ባይጠነቀቅ ደግሞ ልትገድለው ትችል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር፣ ገበቴው ከጠፋባት ቦታ ላይ፣ ቅሉን ተቀብሎ ሳይጠጣ ቆመ።

«ፀጉርሽን የማትሠሪው በእኔ ምክንያት ነው ይላሉ።»

«እውነት ይላሉ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«እስክትወድቅ ድረስ።»

ቅሉ ውስጥ ያለውን ውኃ አየ፣ እሷን አየ። «እንግዲያስ ጸንቼ መቆሜ ነው የበደለሽ» አለ። ጠጣና ሄደ። ኢንዓም ገበቴዋን ይዛ ቁጭ አለች፤ እስኪመሽ ድረስ አንዲት ፍሬ ወርቅ አላየችም። አሸዋውን አላየችውም ነበርና።

የመጨረሻው ግጥሚያ ከማዶኞች ጋር የመልስ ግጥሚያ ነበር። ሙርሳል ከገዛ መንደሩ፣ ከገዛ ወንድሙ ጋር ሊገጥም ነው። ኸዋጃው ያን ሳምንት በልምምድ አደከማቸው። በተለይ ሙርሳልን ግራ እግርህ ለምንድነው የተፈጠረው እያለ በአረብኛም በራሱ ቋንቋም ይጮኽበት ነበር። ሙርሳል በቀኙ ከኮረብታው እስከ ወንዙ ይመታል። በግራው ሲሞክር ግን ኳሷን ስቶ አየር መታ፣ ዞረና በቂጡ ተቀመጠ። ወርቅ አጣቢዎቹ ሳቁ። ኢንዓምም ሳቀች፤ እንደዚያ ከልቧ ከሳቀች ቆይታለች።

ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

አቧራው ውስጥ ያየችው ተረከዝ የግራ ነበር። የለመደ፣ የሠለጠነ፣ ሲጠርግ የማይስት ግራ። ይኼ ሰው በግራ እግሩ የቆመች ኳስ መምታት አይችልም።

በማግሥቱ ሙርሳል የቤቱን ጣራ ሲከድን ሣሩን እያሰረች የምታቀብለው እሷ ነበረች። አባቷ ኻሚስ ገበያ ወርደዋል፣ ረጀብ ሾላው ሥር ነው። እሱ ላይ፣ እሷ ታች።

«ረጀብን የመታው የአንተ እግር አይደለም» አለችው።

እጁ ሣሩ ላይ ቆመ። ጣራው ላይ ሆኖ ወደ ማዶ፣ ወደ መንደሩ አቅጣጫ አየ፤ ኢንዓም ያን አስተያየት ስታይ ማን እንደሆነ ሳይነግራት አወቀች።

«ለምን?» አለች።

«አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ሽማግሌው ማነው ሲሉ ዝም አለ። ታላቅ ዝም ካለ ታናሽ ምን ይላል? በእኛ ዘንድ ታናሽ በታላቁ ላይ አይመሰክርም፤ ነውር ነው።»

«እሱስ? ነውር የለበትም?»

«እሱ ያንን ከራሱ ጋር ይጨርስ።»

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ኢንዓም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወርቅ ያጠበች ልጅ ናት፤ እንደዚህ ያለ ቆሻሻ ወርቅ ግን አይታ አታውቅም። ንዴቷ መሄጃ አጣ። ያን ጊዜ ሁሉ የጠላችው ሰው የሚጠላ አልነበረም፤ የሚጠላው ሰው ደግሞ ማዶ ተቀምጦ ገንፎውን ይበላል።

«ያን ሁሉ በርበሬ በከንቱ አበላሁህ» አለች፤ እንባዋ እየወረደ።

«በከንቱ አይደለም። ወላሂ ጥሞኛል።»

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ የሣሩን እስር ወደ ላይ ወረወረችለት። ያዘው። ዓይን ለዓይን ተያዩና ሁለቱም ቶሎ ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ።

ለማንም እንዳትነግር አስማላት። ኢንዓም አሰበችና እንዲህ አለችው፦ «እስክትወድቅ ድረስ አልናገርም።» እሱም ቀልድ መስሎት ሳቀና እሺ አለ።

ማታ ወደ ረጀብ ሄደች። የምታውቀውን መናገር አትችልም፤ የማታውቅ መስላ ለመነችው። በቃ እንተወው፣ ሰውየው ሠርቷል፣ ላቡን አፍስሷል አለችው። ረጀብ ያልተሠራውን ፀጉሯን፣ ያበጠ ዓይኗን አየ። ወንድም ሞኝ አይደለም።

«ወደድሽው» አላት።

አልካደችም።

«እንግዲያስ ምረጪ» አለ ረጀብ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር። «በዚያ ቀን ቅሉን ካልደፋሽው ወንድም የለሽም። እኔ እዚህ ሾላ ሥር ተቀምጬ፣ እግሬን የሰበረኝ ሰው እህቴን ሲያገባ አላይም።»

ኢንዓም እስከ ግጥሚያው ቀን ድረስ ያልበላችው እህል ለአንድ ቤት ይበቃ ነበር። ብትደፋው ንጹሕ ሰው አገር አጥቶ ይሰደዳል። ባትደፋው ወንድሟን ታጣለች። ብትናገር የማለችውን ታፈርሳለች፣ ሙርሳልም ይቅር አይላትም። አልአሚንን ስታስብ ብቻ ነበር የሚርባት። ያን ሰው በጥርሷ ልትበላው ትችል ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አምስቱ መንደሮች ሜዳውን ከበቡት፣ የቅል ጥሩምባ የሚነፉት ሰዎች ከቀርከሃው ሥር ተደረደሩ፣ ሰማዩ ወደ ምዕራብ ጠቁሯል። ኢንዓም ቅሏን ሞልታ ሜዳው ዳር ቆመች። ረጀብ ከጎኗ ነው። አላናገራትም፤ ቅሉን ብቻ አየት አደረገ።

ሙርሳል በቀይ ሸሚዝ ሲወጣ ማዶኞቹ ከሃዲ ብለው ጮኹበት። የተሳደቡት ወንድሙና የአክስቱ ልጆች ናቸው። እሱ ግን የተፈረደበትን ሥራ የሚሠራ ሰው ነውና አንገቱን ደፍቶ ሠራ። አንድ ግብ አገባ። ማዶኞቹ አንድ መለሱ። ዝናቡ ሊጥል ሲያንዣብብ ኳሷ እግሩ ሥር ገባች፤ ከፊቱ አልአሚን ብቻ ነበር።

በቀኝ አለፈው። አልአሚን ዞሮ ደረሰበት። ሙርሳል ኳሷን በሁለት እግሮቹ መሃል አሾለከበት፣ ልክ ረጀብ እንዳደረገው። አምስቱም መንደር ሳቀ።

ኢንዓም አልሳቀችም። የአልአሚንን ፊት ነበር የምታየው። ፊቱ ጠቆረ፣ ትከሻው ከፍ አለ፣ የግራ ተረከዙ ከኋላ መጣ። ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ከመውጣቱ በፊት እንደ ደረቅ ቀርከሃ ያለው ድምፅ ቀደማት።

ጥሩምባዎቹ ቆሙ። በዚህኛው ጊዜ አቧራ አልነበረም፤ ነፋሱ የዝናብ ነፋስ ስለነበር ሜዳው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

«የማን እግር ነው?» አሉ ሽማግሌው፤ አይተዋል፣ ግን ወጉ መጠየቅ ነው።

አልአሚን መሬት መሬት አየ።

ሙርሳል መሬት ላይ ሆኖ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ራሱን ቀና አደረገ። «እኔው ነኝ። አዳልጦኝ ነው» አለ።

ያኔ ኢንዓም ቅሏን ይዛ ሜዳው ውስጥ ገባች። ሴት ልጅ በሽማግሌ ሸንጎ መሃል አትገባም። ገባች።

«እስክትወድቅ ድረስ አልናገርም ብዬ ነበር» አለችው ሙርሳልን። «ወድቀሃል።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ ይኼ ተረከዝ የመጀመሪያው ተረከዝ ነው። ያን ጊዜም በግራ ነበር፣ ያን ጊዜም ከኋላ ነበር፣ ያን ጊዜም ሰው ስቆበት ነበር። ሙርሳል ግራ እግሩ ለመቆሚያ እንጂ ለሌላ አያገለግለውም፤ ኸዋጃውን ጠይቁት። እውነቱን ከፈለጋችሁ ደግሞ አልአሚን አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ወንድሙን ይየው።»

ሁሉም አልአሚንን አየ። አልአሚን ቀና አላለም። ከዚያ ትከሻው ወረደ፣ ያ ሁሉ ስፋት የት እንደገባ እንጃ፣ «የእኔ ነበር» አለ። «ሁለቱም።»

ረጀብ በምርኩዙ እየተደገፈ መጣ። ረጀብ ከሙርሳል አጠገብ ደርሶ የገዛ ቀይ ሸሚዙን አየ፤ አፈርና ደም ነክቶታል። ምርኩዙን ከብብቱ አወጣና ሙርሳል ጎን አስቀመጠው። «ያዘው። እኔ ለምጄዋለሁ፣ አንተ ገና ነህ» አለው። ከዚያ በአንድ እግሩ እንደ ሽመላ እየዘለለ ዞረ፤ ማሪያም ሮጠው ደገፉት።

ኢንዓም ተንበረከከች። ሙርሳል ጥርሱን ነክሶ ሊስቅላት ሞከረ።

«ወደቅሁልሽ» አላት። «እንግዲህ ፀጉርሽን ተሠሪ።»

ቅሉን አነሣች። አምስቱም መንደር እያየ ወደ አፏ አስጠጋችው፣ ጠጣች፣ ረጅም ጉንጭ ጠጣች፤ ከዚያ የቀረውን በሁለት እጇ ይዛ እሱ ከንፈር ላይ አደረገችው። በዚህኛው ጊዜ ጣቱ ጣቷን እንዳይነካ አልተጠነቀቀም። ዝናቡ ያኔ ጣለ።

የኳሱ ወቅት እንዲህ አለቀ፤ ውጤቱ እኩል ለእኩል ነበር፣ የሚያስታውሰው ግን የለም። ኸዋጃው ጉድጓዱን ጎርፍ ሲሞላው ድንኳኑን ነቅሎ ኳሱን ለልጆቹ ትቶ ሄደ። ኻሚስ ሲሸኙት፣ እባክህ አሁን ልትሄድ ነው፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ወንዙ ይጠጥራል ወይ ብለው ጠየቁት። ይጠጥራል ብሎ ማለ። ኻሚስ አዘኑለት።

ሽማግሌዎቹ በወጋቸው ፈረዱ። የሰበረ ይሠራል፤ ሁለት እግር የሰበረ የሁለት ሰው ይሠራል። ሙርሳል የወደቀው በረጀብ ሸሚዝ፣ በኻሚስ ቤት ስም ነው ተብሎ በኻሚስ ቤት ተኛ፤ ወጌሻውም አንድ መንገድ መጥቶ ሁለት እግር አየ። ማሪያም የኢንዓምን ፀጉር ሙሉ ቀን ተቀምጠው ሠሩት። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ረጀብና ሙርሳል ሾላው ሥር ጎን ለጎን እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው፣ ከሁለታችን ማን ይበልጥ ነበር እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ሰርጉ ማሽላው ሲደርስ ነው። ማሽላውን የሚያርመው አልአሚን ነው።

ረጀብ ግን አይስቅም ነበር። ይጨቃጨቃል፣ ይበላል፣ ሙርሳልን ወንድሜ ይላል፤ ሳቅ ግን እግሩ የተሰበረ ዕለት እንደሄደ አልተመለሰም። ኢንዓም ይህን ታውቃለች፤ አልአሚንን ባየች ቁጥርም ታስታውሰዋለች።

አንድ ቀን ፀሐይ በደመናው መሃል ብቅ ብላ ማሳውን አጋየችው። አልአሚን ከማሳው ወጥቶ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ እጁን ወደ ኢንዓም ዘረጋ። ኢንዓም ቅሉን ይዛ አጠገቡ ደረሰች፣ አየችው፣ ቀስ ብላ እግሩ ሥር ደፋችው።

«ወንዙ ቅርብ ነው» አለችና ወደ ቤት ተመለሰች።

ሙርሳል ሾላው ሥር ሆኖ አይቷል። «ኢንዓም፣ ወንድሜ እኮ ነው» አላት።

«ወንድምህ ነው» አለች። «አልከለከልኩህም፤ አንተ ስጠው። ሁለተኛው ቅል በሩ ጋ ተቀምጧል።»

ሙርሳል ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ፣ ቅሉን አነሣ፣ እያነከሰ ወንድሙ ድረስ ወሰደለት። አልአሚን የወንድሙን ፊት ሳያይ ቅሉን ተቀበለ። አነሣውና እስከ ግማሹ ድረስ ባንድ ትንፋሽ ጠጣው።

ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ግንባሩ ላብ አወጣ። ሙርሳል ቅሉ ውስጥ አጎንብሶ ሲያይ ውኃው ቀይ ነው። ዞሮ ወደ ቤቱ አየ። ኢንዓም በሩ ላይ ቁጭ ብላ አዲሱን ሹሩባዋን በጣቷ እየዳሰሰች ሌላ ነገር ታያለች።

አልአሚን ሳለ፣ አነጠሰ፣ እንደገና ሳለ። ሰው ሁሉ የሚቆጣ መሰለው። እሱ ግን ቅሉን እንደገና አነሣና፣ እንባው እየወረደ፣ የቀረውን እስከ ታች ጠጣው። ባዶውን ቅል ለወንድሙ መለሰለት። «አልሐምዱ ሊላህ» አለ፤ መቆፈሪያውን አንሥቶም ወደ ማሳው ገባ።

ሾላው ሥር ረጀብ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።